የግንድ ቤቴ ማዕዘን እየሰጠመ ነው፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፦ እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ። ሸናንዶዋ ሸለቆ፣ ቨርጂኒያ። የውጭውን ሳንቃ ዛሬ ስናነሳ የታችኛው ግንድ በስብሶ በጣት ይፈረፈራል። ማዕዘኑ ከጠዋት ጀምሮ ሁለት ጣት ያህል ወርዷል። ነገ ማታ ዝናብ አለ። ቤቱን አፍርሼ እንደገና ልሥራው ወይስ ማዕዘኑን በብረትና በረጅም ምስማር ልያዘው?

ባለመሮ፦ ወንድሜ፣ ምስማር እንዳታስገባ! መጋጠሚያው እንደ ርግብ ጅራት የተጠረበ ከሆነ ግንዶቹ የሚያያዙት በራሳቸው ክብደት ነው። ተዳፋቱ ወደ ውጭ የሆነውም ውኃ እንዲያወርድ ነው። እንጨቱ ምንድን ነው? ጣሪያውስ?

ጡረተኛው መምህር፦ ልጄ፣ የያዝከውን ነገር እወቀው። በዚያ አገር ካሉት አሮጌ ቤቶች አንዳንዶቹ «የአሜሪካ ቼስትነት» ከሚባል ዛፍ የተሠሩ ናቸው። ዛፉን ያጠፋው የፈንገስ በሽታ በ1904 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ታይቶ በግማሽ ምዕተ ዓመት ውስጥ ደኑን ጨረሰው። ጤነኛ ግንድ ከጣልክ ምትክ ቆርጠህ አታመጣም። በእኛም አገር ይምርሐነ ክርስቶስ እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቀ ተደርቦ ዘመናትን ቆሟል።

የሪችመንዱ፦ በክሪክ ደግፈው።

ጠያቂ፦ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። በግንዶቹ መካከል ሲሚንቶ ተሞልቷል። የእንጨቱን ዓይነት አላወቅሁትም።

ባለመሮ፦ ጠላትህ ሲሚንቶው ነው! ርጥበቱን አፍኖ ግንዱ እንዳይደርቅ ያደርጋል። በኋላ አውጥተህ በኖራና በአሸዋ ትተካዋለህ።

የጎንደሯ፦ ወንድም ዓለም፣ አንድ ግንድ በሰበሰ ተብሎ ቤት ይፈርሳል እንዴ? አባቴ የቤታችንን ምሰሶ ሲለውጥ ጣሪያውን በባላ ደግፎ ነበር፤ እኛ ልጆቹም ማታ እዚያው ተኛን።

የሪችመንዱ፦ ክሪክ አልኩ። ሃያ ቶን የሚያነሳ አለኝ፤ ቦታውን በግል ላክልኝና ዛሬ ማታ አመጣልሃለሁ።

ባለመሮ፦ እህታችን ልክ ናት፣ አታፍርሰው። ክሪኩን ከማዕዘኑ ትንሽ ፈንጠር አድርገህ በጤነኛው ግንድ ሥር አቁመው፤ አፈሩ እንዳይውጠው ወፍራም ሳንቃ ደራርበህ አንጥፍለት። ዛሬ ወደ ላይ አትግፋው፤ መውረዱን ብቻ አስቁመህ ሸራ አልብሰው። ከሥሩ ሰው አይግባ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ጥቂት ሚሊ ሜትር እያነሳህ የበሰበሰውን ታወጣለህ። ምትኩ ነጭ ኦክ የሚባለው እንጨት ይሁን፤ ቀዩ ኦክ ውኃ ይመጥጣል። ማፍረስ ግድ ከሆነ ደግሞ አስቀድመህ ፎቶ አንሳ፤ በየግንዱ ጫፍ ላይ ከታች ጀምረህ «ሰሜን 1፣ ሰሜን 2» እያልክ የማይዝግ ምልክት ምታበት።

ጡረተኛው መምህር፦ የሚወጣውንም ግንድ አትጣለው፤ ከጫፉ ቁረጥና እንጨት የሚያውቅ ሰው አሳይ።

የጎንደሯ፦ እዚህ ሜሪላንድ ዝናቡ ጀምሯል። ማዕዘኑ ቆመልህ?