የአየርላንድ ባሕር ዳርቻ ቦታዎች ስም ትርጉም (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ የጣና ልጅ
የምኖረው በአየርላንድ፣ ኮርክ ከተማ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ከልጆቼ ጋር ከዮል ተነሥተን በኮቭ፣ በኪንሴልና በኬንሜር በኩል እስከ ዲንግል በመኪና ለመጓዝ አስበናል። በመንገድ ምልክቶች ላይ የአይሪሹ ስም ጋደል ባለ ፊደል ከላይ፣ የእንግሊዝኛው ከሥሩ ይጻፋል። ትምህርት ቤት አይሪሽ የምትማረው ልጄ ‹‹ኪንሴል የጨው ውኃ ራስ ማለት ነው›› ብትለኝም ነገሩ አልገባኝም። የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፦ ሰሎሜ
ልጅዎ ትክክል ናት። አይሪሹ ‹‹ክዩን ታልየ›› ተብሎ ይነበባል፤ የመጀመሪያው ቃል ራስ፣ ሁለተኛው የባሕር ጨው ውኃ ነው። ግራ የሚያጋባው ራስ የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም መያዙ ነው። ከከተማዋ በስተደቡብ ‹‹ኦልድ ሄድ›› የሚባለው፣ ወደ ባሕር የገባው ገደላማ ምድርም በዚያው ቃል ይጠራል፤ እዚያ ራስ የተባለው ምድሩ ነው። በከተማዋ ስም ግን ራስ የተባለው ውኃው ነው፤ ባሕሩ ሞልቶ የባንደንን ወንዝ ሽቅብ ሲገፋ ጨው ውኃው የሚደርስበትን ጫፍ ያመለክታል። ውኃው ሲሸሽ በወንዙ ዳር ጭቃው ሲገለጥ ልጆችዎ ቢያዩ ስሙን አይረሱትም።
ኬንሜርም እንዲሁ ‹‹የባሕር ራስ›› ነው፤ ከተማዋ የቆመችው ረጅሙ የባሕር ወሽመጥ በሚያልቅበት ቦታ ነውና። ሆኖም ምልክቱ ላይ በአይሪሽ የሚያነቡት ‹‹አን ኔጂን›› ትንሿ የወፍ ጎጆ ማለት ስለሆነ፣ አንዱን የሌላው ትርጉም አድርገው አይውሰዱት።

መልስ፦ ጎንደሬው
ዮል ‹‹ዩ›› የተባለው ቅጠሉ የማይረግፍ ዛፍ ጫካ ነው። ኮቭ ላይ ግን ይጠንቀቁ፤ አጻጻፉ አይሪሽ ቢመስልም ቃሉ ትንሽ የባሕር ወሽመጥ ማለት የሆነው የእንግሊዝኛ ‹‹ኮቭ›› በአይሪሽ ፊደል አጣጣል ተጽፎ ነው። ከተማዋ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1849 እ.ኤ.አ. ስለጎበኘቻት ለሰባ ዓመት ያህል ‹‹ኩዊንስታውን›› ተብላ ነበር።

መልስ፦ እመቤት
ዲንግል ‹‹ዳንገን›› ከሚለው የአይሪሽ ቃል የመጣ ሲሆን ምሽግ ማለት ነው። አይሪሽ በሚነገርባቸው አካባቢዎች ምልክቶቹ የእንግሊዝኛ ስም ስለማይኖራቸው፣ ከመነሣትዎ በፊት የአይሪሹን ስም በካርታዎ ላይ ይጻፉ። እንግሊዝኛዎቹ በአብዛኛው በጆሮ ተሰምተው የተጻፉ በመሆናቸው ትርጉም መፈለግ ያለብዎት ከአይሪሹ ነው፤ ‹‹ሎጋኒም›› በተባለው የመንግሥት የቦታ ስሞች መዝገብ ላይም የብዙዎቹን አነባበብ በድምፅ ያገኛሉ።

የጣና ልጅ
እግዜር ይስጥልኝ። ኪንሴል የምንደርሰው ባሕሩ በሚሸሽበት ሰዓት እንዲሆን አድርጌ እነሣለሁ።