የአዲስ የጭነት መኪና የመጀመሪያ የሞተር ዘይት መቼ ይቀየር?

ጥያቄ

ከአምስት ሳምንት በፊት አዲስ የናፍጣ የጭነት መኪና ገዝቼ ሥራ ጀምሬያለሁ። እስካሁን 1,800 ኪሎ ሜትር የሄደ ሲሆን የሞተሩ ሰዓት ቆጣሪ ደግሞ 140 ያሳያል። ሥራዬ አሸዋና ጠጠር ማመላለስ ስለሆነ መኪናው አብዛኛውን ጊዜ በአቧራማ መንገድ ይጓዛል፤ ሲጫንና ሲራገፍም ሞተሩ ሳይጠፋ ለረጅም ጊዜ ይቆማል። መመሪያ መጽሐፉ የሞተር ዘይቱ በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ እንዲቀየር ያዛል፤ ለመጀመሪያው የተለየ ነገር አይልም። የሸጠልኝ ድርጅትም ይህንኑ ነግሮኛል። ዕድሜያቸውን በሾፌርነት ያሳለፉት አጎቴ ግን የአዲስ ሞተር የመጀመሪያ ዘይት ከ1,000 ኪሎ ሜትር ማለፍ እንደሌለበትና እኔም ከወዲሁ እንዳሳለፍኩ አጥብቀው ይናገራሉ። መኪናው የቤተሰቤ መተዳደሪያ በመሆኑ ሞተሩን በገዛ እጄ እንዳልጎዳው እሰጋለሁ፤ ያለጊዜው ብቀይር ደግሞ ዋስትናዬ ላይ ችግር ያመጣ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። የምታውቁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ከአንድ የሞተር መካኒክ

አጎትዎ ይህን የሚናገሩት ከሜዳ ተነሥተው አይደለም። ቀድሞ በነበሩት ሞተሮች የሲሊንደሩ ግድግዳና የፒስተኑ ፋሻዎች እርስ በርስ ተፋግተው እስኪለማመዱ ድረስ ብዙ የብረት ብናኝ ወደ ዘይቱ ይገባ ነበር፤ ከፋብሪካ ሥራ የተረፈ ፍቅፋቂም አንዳንድ ጊዜ በውስጡ ይገኝ ነበር። ስለዚህ ያንን ዘይት ፈጥኖ ማውጣት ትክክለኛ ልማድ ነበር። ዛሬ የሲሊንደሩ ግድግዳ ከፋብሪካ ሲወጣ የተሻለ ልስላሴ ያለው ሲሆን ክፍሎቹም ከመገጣጠማቸው በፊት በጥንቃቄ ይታጠባሉ። መለማመዱ አሁንም አለ፤ የሚወጣው ብናኝ ግን ያነሰ ነው፤ አምራቾቹም ረዘም ያለ ርቀት የሚፈቅዱት በዚህ ምክንያት ነው።

ያም ሆኖ መመሪያ መጽሐፉን ደግመው እንዲያነቡ እመክርዎታለሁ። አንዳንድ አምራቾች ከፋብሪካ የሚሞሉት ዘይት ለመለማመጃው ጊዜ ታስቦ የተዘጋጀ ስለሆነ ቀድሞ እንዳይወጣ በግልጽ ያሳስባሉ። እንዲህ ያለ ማሳሰቢያ ከሌለ ግን ቀድሞ መቀየር ሞተሩን አይጎዳውም። ዋስትናውን በተመለከተ ዋናው ነገር መጽሐፉ የሚጠይቀውን ደረጃ የሚያሟላ ዘይትና ተገቢውን ፊልትሮ መጠቀም፣ እንዲሁም ቀኑ፣ ኪሎ ሜትሩና የዘይቱ ዓይነት የተጻፈበትን ደረሰኝ ማስቀመጥ ነው።

መልስ፦ ከአንድ የረጅም ርቀት ሾፌር

እኔ እስካሁን ሦስት አዲስ መኪኖች ተረክቤ የሁሉንም የመጀመሪያ ዘይት በ2,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ቀይሬያለሁ፤ አንዱም ሞተር ሳይከፈት ብዙ ዓመት ሠርቶልኛል። ይህ ብቻውን ማስረጃ እንደማይሆን አውቃለሁ፤ ነገር ግን አንድ ዘይት ቀድሞ መቀየር ከአንድ ሞተር ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም። ይልቅ ሰው የሚረሳው የዲፈረንሻሉንና የካምቢዮውን የመጀመሪያ ዘይት ነው። አዲስ ጥርሶች ሲለማመዱ የሚወጣው ብናኝ እዚያው ይቀመጣል፤ ብዙዎቹ ዲፈረንሻሎች ደግሞ ፊልትሮ የላቸውም። መጽሐፉ ለእነሱ የመጀመሪያ ለውጥ የተለየ ኪሎ ሜትር ሰጥቶ እንደሆነ ይመልከቱ።

መልስ፦ ከአንድ የተሽከርካሪዎች ጥገና ኃላፊ

እስካሁን የተሰጡት መልሶች ኪሎ ሜትርን ብቻ የሚመለከቱ ናቸው፤ ጠያቂው ከሰጡን ቁጥሮች ሁሉ ዋናው ግን 140 ሰዓት ነው። 1,800 ኪሎ ሜትሩን ለ140 ሰዓት ብናካፍለው በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ይህ የሚነግረን ሞተሩ ከሚሠራበት ጊዜ ብዙውን ቆሞ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ በዝቅተኛ ዙር) ወይም ተጭኖ በዝግታ እየሄደ እንደሚያሳልፈው ነው። ዘይት ደግሞ ጎማው ባይሽከረከርም ሞተሩ እስከሠራ ድረስ ያረጃል። እንዲያውም ሞተር በሚኒሞ ብዙ ሲቆይ ቃጠሎው ሙሉ ስለማይሆን ጥቀርሻና ያልተቃጠለ ናፍጣ ወደ ዘይቱ ይወርዳል።

ስሌቱን ወደፊት እንውሰደው። በአማካይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና 10,000 ኪሎ ሜትር ማለት 250 የሞተር ሰዓት ነው። በእርስዎ አሠራር ግን ያው 10,000 ኪሎ ሜትር ከ770 ሰዓት በላይ ይሆናል፤ ማለትም ያንኑ ዘይት ከሦስት እጥፍ በላይ ሊያሠሩት ነው። 250 ሰዓት የሚሞላዎት ገና በ3,200 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ አጎትዎ ያስቀመጡት ቁጥር ቢያጥርም ከድርጅቱ ቁጥር ይልቅ ለእርስዎ ሥራ የሚቀርበው የእሳቸው ነው ብዬ አምናለሁ። በመጽሐፉ ውስጥ ስለ አስቸጋሪ የአሠራር ሁኔታ የሚናገር ሠንጠረዥ ይፈልጉ፤ አቧራ፣ ከባድ ጭነት፣ አጭር ጉዞና ረጅም ሚኒሞ ብዙ ጊዜ እዚያ ተዘርዝረው በኪሎ ሜትርም በሰዓትም ገደብ ይሰጣቸዋል።

የወጣውን ዘይት በላቦራቶሪ ለማስመርመር ካሰቡ አንድ ነገር ልጨምር። በአዲስ ሞተር የመጀመሪያ ናሙና ላይ ብረት፣ መዳብና ሲሊከን ከፍ ብለው ቢገኙ አይደንግጡ፤ መዳቡ ከዘይት ማቀዝቀዣው፣ ሲሊከኑም ሞተሩ ሲገጣጠም ከተቀባው ማሸጊያ ሊመጣ ይችላል። በሚቀጥሉት ናሙናዎች ሲሊከን ካልወረደ ግን አቧራ እየገባ ሊሆን ስለሚችል የአየር ፊልትሮውንና የቱቦዎቹን ማሰሪያ ይፈትሹ።

ጠያቂው

እጅግ አመሰግናለሁ። ሠንጠረዡን አገኘሁት፤ የዘይት ለውጥ ከሚለው ገጽ ሳይሆን ከመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ነበር። ለአቧራማ መንገድና ለረጅም ሚኒሞ 5,000 ኪሎ ሜትር ወይም 250 ሰዓት፣ ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው ይላል። የመጀመሪያው ዘይት እንዳይወጣ የሚያሳስብ ነገር ግን የለም። ሁለት ነገር ልጠይቅ፦ ዘይቱ ከአሁኑ ጥቁር መሆኑ ማርጀቱን ያሳያል ወይ? ደግሞስ በቤቴ የተረፈኝን የቤንዚን መኪና ዘይት ልጠቀምበት እችላለሁ?

መልስ፦ ከመካኒኩ

የናፍጣ ሞተር ዘይት በአጭር ጊዜ ይጠቁራል፤ ጥቀርሻውን አንሳፎ መያዝ ሥራው ስለሆነ ቀለሙ ብቻውን ምንም አይነግርዎትም። ከቀለሙ ይልቅ መጠኑን ይከታተሉ። መኪናው የጭስ ማጣሪያ ካለውና ማጣሪያው የያዘውን ጥቀርሻ በማቃጠል ራሱን ሲያጸዳ ሥራው በተደጋጋሚ ከተቋረጠ ናፍጣ ወደ ዘይቱ ሊወርድ ይችላል። በመለኪያ ዘንጉ ላይ ዘይቱ ከመቀነስ ይልቅ ሲጨምር ካዩ ወይም ናፍጣ ከሸተተዎት የተጻፈውን ሰዓት ሳይጠብቁ ይቀይሩት። የቤንዚኑን ዘይት ግን አይጠቀሙበት። በመጽሐፉ ላይ ያለው ውፍረት፣ ለምሳሌ 15 ደብሊው 40፣ ብቻ ሳይሆን እንደ ሲኬ 4 ያለው የጥራት ደረጃም በዘይቱ ዕቃ ላይ ተጽፎ መገኘት አለበት።

ሲቀይሩ ሞተሩ ሞቅ ብሎ፣ መኪናው በደልዳላ ቦታ ቆሞ ይሁን። የአሮጌው ፊልትሮ ማሸጊያ ጎማ ከመቀመጫው ላይ ተጣብቆ አለመቅረቱን በጣትዎ ዳስሰው ያረጋግጡ፤ ሁለት ጎማ ተደራርቦ ከታሰረ ዘይቱ በግፊት ይወጣና ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይነክሳል (ክፍሎቹ ተጣብቀው ይቆማል)። የአዲሱን ጎማ በንጹሕ ዘይት ቀባ አድርገው ይግጠሙት፤ የማፍሰሻውን ቡሎን ሮንዴላም ይለውጡ።

ጠያቂው

ዛሬ ጠዋት በ2,100 ኪሎ ሜትር፣ በ163 ሰዓት ቀየርኩት። ማግኔት ያለበት የማፍሰሻ ቡሎን ጫፍ ላይ እንደ ግራሶ ያለ ግራጫ ጭቃ ተለጥፎ አገኘሁ። በሁለት ጣቴ ሳሸው ለስላሳ ነበር፤ ፀሐይ ላይ ሳዞረው ግን ጥቃቅን ነገሮች ያብለጨልጩ ነበር። ይህ የጤና ነው?

መልስ፦ ከመካኒኩ

ለመጀመሪያ ለውጥ የጤና ነው፤ ያዩት ከመለማመዱ የወጣ ደቃቅ ብናኝ ነው። የሚያሳስበው በጥፍር የሚቆነጠር ስንጥር ወይም ቅርፊት ነው። ማግኔት የብሮንዚናን (የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበትን ለስላሳ ብረት) ብናኝ ስለማይስብ አሮጌውን ፊልትሮ ሰንጥቀው ወረቀቱን ዘርግተው ይዩት፤ ነሐስ መሳይ ቅርፊት ካገኙ ሞተሩን ሳያስነሡ መኪናውን አስጎትተው ወደ ጋራዥ ይውሰዱት። ንጹሕ ከሆነ ሞተሩን ጥቂት ደቂቃ አሠርተው ካጠፉ በኋላ ዘይቱ እስኪወርድ ጠብቀው መጠኑን ይለኩ፤ ነገ ጠዋትም ሳይነሣ ደግመው ይለኩ፤ በፊልትሮውና በቡሎኑ ሥር እርጥበት መኖሩንም ይመልከቱ። ቀጣዩ ለውጥ በ413 ሰዓት ነው፤ 7,100 ኪሎ ሜትር ቀድሞ ከደረሰ ግን በእሱ ይቀይሩ። ሁለቱን ቁጥሮች በወረቀት ጽፈው ከመሪው አጠገብ ይለጥፏቸው።