ክርክር፦ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የዲጂታል ሥልጠና በኦንላይን ብቻ ይበቃዋል?

ካታሎገር፣ ደብረ ማርቆስ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ካታሎገር፣ ማለትም መጻሕፍትን በካታሎግ የምመዘግብ ባለሙያ ነኝ። ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች የሚሰጠው የዲጂታል ሥልጠና ከእንግዲህ በኦንላይን ብቻ ይሁን የሚሉ አሉ። ኮሃም (የቤተ መጻሕፍት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌሩ)፣ ዲስፔስም (የዲጂታል ሰነዶች ማከማቻ ሶፍትዌሩ)፣ መረጃ ፍለጋውም በስልክና በላፕቶፕ ይሰጥ ነው ነገሩ። እኔ እደግፈዋለሁ። አንድ ሠራተኛ ብቻ ያላትን የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት አስቡ። ሠራተኛዋ ለሥልጠና ባሕር ዳር ስትሄድ በሩ ይቆለፋል። ማትሪክ የደረሰበት ተማሪ ቁልፍ አይቶ ይመለሳል። ኮሃ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000 ከኒውዚላንድ ወጥቶ ለማንም በነፃ የተለቀቀ ሶፍትዌር ነው። መማሪያውም በነፃ ይገኛል። በነፃ ያለውን ለመማር ለምን የሆቴልና የትራንስፖርት ይከፈላል?

የትምህርት ቤት ላይብረሪያን፣ ሞጣ፦
ወንድሜ፣ ይህ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ላለ ሰው ይሠራል። እኛ ጋ መብራት ይሄዳል፤ ኔትወርኩም አብሮ ይሄዳል። ዳታ የምሞላው ከኪሴ ነው። በ2015 መጨረሻ በአማራ ክልል ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት መቆየቱን ረሳችሁት? ያኔ ሥልጠናው ኦንላይን ብቻ ቢሆን ማን ይማር ነበር?

የወረዳ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ ፍኖተ ሰላም፦
አንድ ነገር እየሸፋፈንን ነው። አበሉን። በአካል ይሁን የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ አበሉ ስለሚደግፈው ነው። አልፈርድበትም፣ ደመወዛችንን እናውቀዋለን። ግን አበል ባለበት ሁሌም የሚላኩት ለአለቃ የቀረቡ ናቸው። ተመልሶ ያየውን ለእኛ ያካፈለ አላጋጠመኝም። ኦንላይን ከሆነ ማንም ተነስቶ ስሜን ከዝርዝር አይሰርዘውም።

ጡረተኛ ካታሎገር፣ ባሕር ዳር፦
ልጆቼ፣ በመንገዱ ስትከራከሩ ትምህርቱ ራሱ ተረሳ። በኢንተርኔት ያሉትን ቪዲዮዎች ተከታትያለሁ። የደራሲ ስም ሲመዘገብ ምሳሌው ጆን ስሚዝ ነው። በማርክ 21፣ ማለትም የመጽሐፍ መረጃ በኮምፒውተር በሚመዘገብበት ቅርጽ፣ የደራሲ ስም የሚገባው መስክ 100 ላይ ነው። እዚያ መጀመሪያ ላይ አንዲት ቁጥር አለች። 1 ካልክ ስሙ በቤተሰብ ስም ይጀምራል ማለት ነው፤ 0 ካልክ በራሱ ስም። የእኛ ሰው የቤተሰብ ስም የለውም፤ ከስሙ ቀጥሎ የሚመጣው የአባቱ ስም ነው። ስለዚህ 0 መሆን አለበት። ሠልጣኙ ግን ቪዲዮውን ተከትሎ 1 ይላል፤ ስሙንም ይገለብጠዋል። መጽሐፉ በደራሲው አባት ስም ተመዝግቦ ይቀራል። ዝርዝሩን በደራሲ ስም የሚያይ አንባቢ አያገኘውም።

ፊደሉም አለ። አንተ «ዓለማየሁ» ብለህ መዘገብክ። ተማሪው «አለማየሁ» ብሎ ጻፈ። ለኮምፒውተሩ ዐ እና አ የተለያዩ ናቸው። ሀ፣ ሐ እና ኀም፣ ሰ እና ሠም፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። ስለዚህ «የለም» ይለዋል። መጽሐፉ ግን መደርደሪያው ላይ ቁጭ ብሏል። ይህንን የሚያስተምረን የትኛው የውጭ ቪዲዮ ነው? በዋሸራም በጎንጅም የቅኔ ቤት ተማሪ ቅኔውን ቆጥሮ፣ ማለትም አዘጋጅቶ፣ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም እዚያው ያቃናዋል። ካታሎግም አጠገብ ሆኖ የሚያርም ሰው ይፈልጋል።

ካታሎገር፣ ደብረ ማርቆስ፦
ጋሼ፣ ስለ ስሙም ስለ ፊደሉም ያሉት ልክ ነው። ነገር ግን ጥፋቱ የኦንላይን አይደለም። በአካል የሚመጡት አሠልጣኞችም የሚያሳዩን ያንኑ ጆን ስሚዝ ነው። አሁን የጻፉትን እርስዎ በአማርኛ አጠር ባለ ቪዲዮ ቢያስረዱት ከሞጣ እስከ ዳንግላ ሁሉም ያየዋል። በስብሰባ አዳራሽ ቢናገሩት ግን የሚሰማዎት እዚያ የተገኘው ብቻ ነው።

የአይሲቲ ባለሙያ፣ ዳንግላ፦
የፊደሉን ጣጣ ሠልጣኝ ሁሉ መሸከም የለበትም። የኮሃ መፈለጊያ ሀ፣ ሐ እና ኀን እንደ አንድ እንዲቆጥራቸው ሰርቨሩ ላይ ማስተካከል ይቻላል። የሚችል ሰው አንዴ ከሠራው ቅንብሩን ለሌሎችም ማጋራት ነው። ሌላው፣ ኮሃ ያለ ኢንተርኔት በግቢ ኔትወርክ ብቻ ይሠራል። ቪዲዮውም በፍላሽ ሊዞር ይችላል። በ2016 የተጀመረውን የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና አይታችሁታል። ፕሮግራሚንግና ዳታ ሳይንስ አለበት፤ ካታሎግ የለበትም። የእኛን ሙያ ትምህርት ራሳችን ካላዘጋጀነው ማንም አያዘጋጅልንም።

ጡረተኛ ካታሎገር፣ ባሕር ዳር፦
ቪዲዮውን እቀርጻለሁ። ማረሙን ግን አልተውም። እያንዳንዱ ሠልጣኝ ከራሱ መደርደሪያ ሃያ መጽሐፍ መዝግቦ ይላክ። የሚያርም ሰው በስም ይመደብ። ሥራው ሳይታረም ሰርተፍኬት አይሰጠው። ይህ ከተሟላ በኦንላይን ቢሆን ተቃውሞ የለኝም።

የትምህርት ቤት ላይብረሪያን፣ ሞጣ፦
በፍላሹ እስማማለሁ። በጋሼ እርማትም እስማማለሁ። ሰዓቱስ? ኦንላይን ሲባል አለቆች የሚረዱት «በትርፍ ሰዓትሽ ተማሪው» ብለው ነው። ቀን ተማሪ አስተናግጄ፣ ማታ ልጆች አስተኝቼ፣ መብራት ካለ ልማር ማለት ነው። በአካል ስንሄድ ቢያንስ ሥልጠናው እንደ ሥራ ይቆጠርልን ነበር። በሳምንት ግማሽ ቀን በደብዳቤ ይሰጠን፤ በዚያ ሰዓት ቤተ መጻሕፍቱን የሚይዝ ሰው ይመደብ። ይህ ካልተጻፈልኝ እኔ አልመዘገብም።