አበባዋ ለምንድነው «ወይኔ፣ ደግሞ እንደገና!» ያለችው? (ሂችሃይከርስ ጋይድ ያነበባችሁ እስቲ)

ጎንደሬዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የዳግላስ አዳምስን ዘ ሂችሃይከርስ ጋይድ ቱ ዘ ጋላክሲ የመጀመሪያውን መፅሐፍ ጨረስኩት፣ በጣም ነው የወደድኩት፣ ግን አንዲት ነገር ውስጤ ቀርታ አላስተኛ አለችኝ። ላላነበባችሁ ባጭሩ፣ አርተር ዴንት የሚባል እንግሊዛዊ አለ፣ ጠዋት ሲነሳ ለመንገድ ሥራ ብለው ቤቱን ሊያፈርሱበት ዶዘር ይዘው መጥተዋል፣ እሱን ሲከራከር ደግሞ መሬት ራሷ የጠፈር አውራ ጎዳና ያልፍባታል ተብላ ትፈርሳለች። አርተር ከጓደኛው ከፎርድ ጋር ይተርፍና ዞሮ ዞሮ ሃርት ኦፍ ጎልድ የምትባል መርከብ ላይ ይገባሉ። መርከቧ ማግራቲያ የምትባል ፕላኔት ጋ ስትደርስ ሁለት ሚሳኤል ይተኮስባታል፣ ሊመቷቸው ሲሉ ያንን ኢምፕሮባቢሊቲ ድራይቭ የሚባለውን ጉደኛ ሞተር (የማይሆነውን ሁሉ የሚያስሆነውን) ያስነሱታል፣ አንዱ ሚሳኤል ዓሣ ነባሪ ሌላው ፔቱኒያ አበባ የተተከለበት ሳህን ሆነው ቁጭ።

እስከዚህ ገብቶኛል። ዓሣ ነባሪው ሰማይ ላይ ድንገት ተፈጥሮ ቁልቁል እየተምዘገዘገ እኔ ማነኝ፣ ለምን መጣሁ እያለ ያስባል፣ ለነፋሱ ስም ያወጣለታል፣ ለጅራቱ ስም ያወጣለታል፣ በመጨረሻ ያ እየቀረበ የሚመጣውን ትልቅ ሰፊ ነገር መሬት ብሎ ሰይሞት ጓደኛ ይሆነኝ ይሆን እያለ ይከሰከሳል። እኔ እዚህ ጋ አንጀቴን በልቶኛል። አበባዋ ግን እየወደቀች ያሰበችው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ «ወይኔ፣ ደግሞ እንደገና!» በቃ። ተራኪው ይባስ ብሎ አበባዋ ለምን እንደዛ እንዳሰበች በትክክል ብናውቅ ስለ ዩኒቨርስ ተፈጥሮ አሁን ከምናውቀው እጅግ የበለጠ እናውቅ ነበር ይልና ያልፈዋል። አሁን ከሚሳኤል የተፈጠረች አበባ ከዚህ በፊት ምን ደርሶባት ነው እንደገና የምትለው? እስከ መጨረሻው ገፅ ጠበቅኩ፣ ምንም የለም። ያመለጠኝ ነገር አለ ወይስ ዝም ብሎ ቀልድ ነው?

ቀበና፦
ምንም አላመለጠሽም እህቴ። መልሱ ያለው ሦስተኛው መፅሐፍ ውስጥ ነው፣ ላይፍ ዘ ዩኒቨርስ ኤንድ ኤቭሪቲንግ የሚባለው። ልንገርሽ ወይስ ራስሽ ትደርሺበታለሽ? ስፖይለር ይሆንብሻል ብዬ ነው።

ጎንደሬዋ፦
ኧረ ንገረኝ፣ ሦስተኛው እጄ እስኪገባ መጠበቅ አልችልም።

ቀበና፦
እሺ እንግዲህ። አግራጃግ የሚባል ፍጡር አለ። ይሄ ፍጡር ይሞታል፣ ሌላ ሆኖ ይወለዳል፣ እንደገና ይሞታል፣ የሚገድለው ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ሰው ነው፣ አርተር ዴንት! አርተር ደግሞ ምንም አያውቅም፣ አንዱንም ሆን ብሎ አላደረገውም። አንዴ ጥንቸል ሆኖ ተወልዶ አርተር ገደለውና ቆዳውን ቦርሳ ሰፋበት። ቀጥሎ ዝንብ ሆኖ ሲመጣ በዛው ቦርሳ፣ ማለት በገዛ የድሮ ቆዳው፣ ጨፈለቀው። ሌላ ጊዜ ልብ ድካም ያለበት ሽማግሌ ሆኖ ለንደን ሎርድስ ስታዲየም ቁጭ ብሎ ክሪኬት እያየ አርተርና ፎርድ ከባዶ አየር ላይ ሶፋ ላይ እንደተቀመጡ ድንገት ፊቱ ዱብ አሉበት፣ በድንጋጤ ልቡ ቀጥ አለ። ሲሞት መጨረሻ ያየው ነገር ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? አርተር ፂሙ ውስጥ የሻጣትን የጥንቸል አጥንት። የራሱን አጥንት!! ፔቱኒያዋም እሱ ነበር። ለዛ ነው ከየት እንደመጣ የማያውቅ ፍጡር ሳትሆን የሰለቻት ነፍስ ሆና ያሰበችው። እና ልብ በይ፣ አንቺ ሞተሩን «ያስነሱታል» ብለሽ አልፈሽዋል እንጂ የመጀመሪያውን መፅሐፍ መለስ ብለሽ ብታዪው ያስነሳው አርተር ራሱ ነው። ሌሎቹ መርከቧን በእጅ ለመንዳት ሲራኮቱ እሱ ነው ይሄን ነገር ለምን አናስነሳውም ያለው።

ዝምተኛው፦
እኔ በበኩሌ ባይገለፅ ይሻል ነበር ባይ ነኝ። ቀልዱ የሚሠራው በርዝመቱ ነው፣ ለዓሣ ነባሪው ሙሉ ሕይወት ይሰጠዋል፣ ልደት፣ ጥያቄ፣ ተስፋ፣ ሞት፣ ከዛ አበባዋን በአንድ መስመር ይዘጋታል፣ አንባቢው ደግሞ የቀረውን ራሱ ይሞላዋል። የመጀመሪያው መፅሐፍ በ1979 ነው የወጣው ሦስተኛው በ1982፣ በመሃል ሦስት ዓመት ሰው ሁሉ የየራሱን መልስ ይዞ ነበር ማለት ነው። አግራጃግ ጎበዝ ፈጠራ ነው አልክድም፣ ግን ያ በር ክፍት ሲሆን የነበረው ስሜት አንዴ ሲዘጋ አይመለስም። ደግሞ ነገሩ ከመፅሐፉም በፊት በ1978 በቢቢሲ ሬዲዮ 4 የተላለፈ ድራማ ነበር፣ አበባዋ እዛም አለች፣ ያኔ ስለ አግራጃግ አስቦ ነበር ብዬ አላምንም።

ሳይፋይ_ወዳጅ፦
ዝምተኛው፣ አስቦበትም ይሁን ሳያስብበት የተገጣጠመበት መንገድ ነው እኔን የሚገርመኝ፣ እስቲ በደንብ እዩት። በአርተር ዕድሜ ከቆጠርን ከነዚህ ሞቶች የመጀመሪያው የአበባዋ ነው። ማግራቲያ አንደኛው መፅሐፍ ነው፣ ጥንቸሉን የገደለው ግን ሁለተኛው መፅሐፍ መጨረሻ ላይ በጊዜ ወደኋላ ተወርውሮ ሰው ገና ሰው ሳይሆን በነበረበት ዘመን መሬት ላይ ከቀረ በኋላ ነው። ስለዚህ አበባዋ ስትወድቅ አርተር ገና ጥንቸል የሚባል አልነካም፣ «እንደገና» ልትል አይገባትም ትላላችሁ። ግን በዓለም አቆጣጠር ቁጠሩት! ጥንቸሉና ዝንቡ በጥንት ዘመን፣ ከዛ ሎርድስ ላይ ያለው ሽማግሌ መሬት ልትፈርስ ጥቂት ቀን ሲቀራት፣ ከዛ መሬት ፈረሰች፣ ከዛ ነው ማግራቲያ ላይ አበባዋ የወደቀችው። አንዱም ከቦታው አልተዛነፈም። አግራጃግ በቅደም ተከተል ነው የሞተው፣ በጊዜ ወዲያና ወዲህ የሚዘለው አርተር ነው። እኔ ይሄን ወረቀት ላይ መስመር አስምሬ ካየሁ በኋላ ነው ተራኪው ስለ ዩኒቨርስ ተፈጥሮ ያላት ነገር የገባችኝ፣ ምክንያቱም አበባዋን ለመረዳት ነገ የምትሠራው ነገር ትናንት ሰው ሊገድል እንደሚችል መቀበል አለብህ፣ ይሄ ደግሞ ስለ ጊዜ ትልቅ ነገር ነው።

ቀበና፦
ይሄን አላሰብኩትም ነበር፣ በጣም አሪፍ ነው። አንድ ልጨምር፣ በኋላ ሦስተኛው መፅሐፍ በሬዲዮ ድራማ ሲሠራ፣ በ2004፣ የአግራጃግን ድምፅ የሰጠው ዳግላስ አዳምስ ራሱ ነው። ሰውዬው በ2001 አርፏል፣ በ49 ዓመቱ፣ ግን መፅሐፉን በድምፅ አንብቦ ቀርፆት ስለነበር ከዛ ላይ ወስደው አስገቡት። ያ ደጋግሞ የሚሞተው ፍጡር ከሞተ ሰው ድምፅ ጋር ሲመጣ ሰምቼ ለብዙ ቀን ከጆሮዬ አልጠፋም።

ጎንደሬዋ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሳይፋይ_ወዳጅ ያንተን ደጋግሜ አነበብኩት። ግን አሁን ደግሞ ሌላ ነገር መጣብኝ። አበባዋ አሮጌ ነፍስ ናት እሺ። ዓሣ ነባሪውስ? እሱ እኮ ምንም አያስታውስም፣ ሁሉ ነገር አዲስ ነው፣ ለገዛ ጅራቱ እንኳን ስም የለውም። ከአንድ ሞተር በአንድ ቅፅበት የወጡ ሁለት ፍጡሮች ናቸው፣ አንዷ የሕይወት ሸክሟን ሁሉ ይዛ ትመጣለች ሌላው ባዶ ሆኖ ይመጣል፣ ይሄ እንዴት ይሆናል?

ሳይፋይ_ወዳጅ፦
የኔ ግምት ነው እንጂ መፅሐፉ አይልም። ሞተሩ ባዶ አካል ነው የሠራው፣ ሁለት። የዓሣ ነባሪው ላይ አዲስ ነፍስ ገባበት። ሁለተኛው ላይ ግን በዛች ደቂቃ ሎርድስ ላይ ሞቶ ማደሪያ የሚፈልግ አግራጃግ ነበር፣ በመላው ጋላክሲ ስንት የሚወለድ ነገር እያለ ገዳዩ የተሳፈረባት መርከብ አጠገብ ያለችው አበባ ላይ መግባቱ ከምንም በላይ የማይሆን ነገር ነው። ያ ሞተር ደግሞ ሥራው ይሄው ነው፣ የማይሆነውን ማስሆን። ስለዚህ አበባዋን አግራጃግ ያደረጋት ራሱ ሞተሩ ነው እላለሁ።

ዝምተኛው፦
ይሄ እንኳን አሳመነኝ። ዓሣ ነባሪው ግን እንደዛው ይቅር፣ እሱን ማንም እንዳያብራራብኝ።

ቀበና፦
ጎንደሬዋ፣ ሁለተኛውን ሳታነቢ ሦስተኛው ጋ እንዳትሄጂ፣ አርተር እንዴት ጥንት ዘመን እንደቀረ ካላነበብሽ የጥንቸሏ ነገር አይጥምሽም። ሦስተኛው ላይ ደግሞ አግራጃግ ስታቭሮሙላ ቤታ የሚል ስም ሲጠራ እዛች ጋ ምልክት አድርጊባት። አርተር እዛ ሄዶ አያውቅም፣ አግራጃግ ግን እዛም ገድለኸኛል ነው የሚለው። እሷ የምትፈታው በ1992 በወጣው በአምስተኛው መፅሐፍ ነው፣ ኢንተርኔት ላይ እንዳትፈልጊያት አደራ።

ጎንደሬዋ፦
አልፈልግም፣ ቃሌ ነው። ሁለተኛውን የሚያውሰኝ ሰው አዲስ አበባ አለ?