የድመቴ ዓይን በአንድ ሌሊት ደፈረሰ፤ የት ልውሰዳት?

ሰላም ወገን። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ውሮዬ ማታ ደህና ነበረች። ጠዋት ስነሳ ግራ ዓይኗን ጨፍናለች። በግድ ስከፍተው መሃሉ ላይ ወተት ጠብ ያለበት ይመስላል። ያለቅሳል፣ በመዳፏ ታሸዋለች።

በካርቶን አድርጌ፣ በባጃጅ፣ እሷ እየጮኸች ሰፈር ያለ የእንስሳት ሐኪም ጋ ወሰድኳት። ሰውየው የለመደው ላምና በግ ነው መሰለኝ፣ በቅጡ ሳያያት ጠብታ ሰጠኝ። ብልቃጡ ላይ ዴክሳሜታዞን ይላል፤ ስቴሮይድ የሚባለው ዓይነት መድኃኒት ነው። ዓይኗ ቆስሎ ከሆነ ይሄ ያባብሰዋል፤ ስለዚህ አልጀመርኩላትም። ቁስሉን አረንጓዴ አድርጎ በሚያሳየው ቀለም የሚመረምርልኝ ነው የምፈልገው።

ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሆስፒታል ድመት ይዞ የሄደ አለ? ያለ ቀጠሮ ያያሉ? ወይስ ከተማ ውስጥ ዓይን የሚያውቅ ሐኪም ትጠቁሙኛላችሁ? እባካችሁ፣ ዛሬውኑ መውጣት እፈልጋለሁ።