ለኤአይ ሁለት ገጽ ትእዛዝ? የጣና ዳር ክርክር

አስጎብኚው፦
እንዴት አመሻችሁ የባሕር ዳር ልጆች። ትናንት ማታ አንድ ወንድማችን «ለኤአይ (ለሰው ሠራሽ አስተውሎት) ረጅም መመሪያ የሚጽፍ ሰው የሚፈልገውን የማያውቅ ሰው ነው፤ አንድ መስመር ይበቃል» ብሎ ጥሎን ሄደ። እኔ አልስማማም። ምክንያቴን ልንገራችሁ፣ ከዚያ ውረዱብኝ።

በቀደም ለአምስት እንግዶች ፕሮግራም ፈለግሁ። ሦስቱ ሴቶች ናቸው። «የጣና ገዳማት የአንድ ቀን ጉብኝት አውጣልኝ» አልሁት ኤአዩን፣ በቃ። አሳምሮ ጻፈልኝ። መጀመሪያ ላይ ማንን ቢያስቀምጥ ጥሩ ነው? ክብራን ገብርኤልን! ሴት የማይገባበትን ገዳም። ግን በምን ይፍረድ? ሴቶች እንዳሉ መቼ ነገርሁት?

ከዚያ ወዲህ ሁለት ገጽ መመሪያ አለኝ። ሴት ካለች ክብራን ይቅር፣ ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ይግባ። ጀልባ በጠዋት ይነሳ፣ ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ያነሳል። የጾም ቀን ከሆነ ምሳው የጾም ይሁን። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን እዚህ እንዳታነሱብኝ፣ እሱ ሌላ ክርክር ነው።)

ጀልባ ነጂው፦
ያ ሁለት ገጽህ አይደል እንዴ እኔን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ወደብ ላይ ያስጎለተኝ? እንግዶቹ ምሳቸውን በልተው፣ ጥርሳቸውን እየፋቁ መጡ። ወረቀቱን ሳየው «2:00» ይላል። እነሱ ምን ያድርጉ፣ በነሱ ሰዓት አነበቡት። ሐይቁ ደግሞ ያኔ ተነስቷል።

አስጎብኚው፦
እሱ እውነት ነው፣ አልክድም። ግን ጥፋቱ የርዝመት አይደለም። መመሪያው ላይ «ሰዓቱን በሀበሻ አቆጣጠር ጻፍ» ብዬ ነበር። ለምን እንደሆነ አልጻፍሁም። አሁን እንዲህ አድርጌዋለሁ፦ «ወረቀቱን የሚይዙት ፈረንጆች ናቸው፤ ጀልባ ነጂው ደግሞ የሚሠራው በኛ ሰዓት ነው፤ እንዳይተላለፉ ሁለቱንም ጎን ለጎን ጻፍ።» ረዘመ እንጂ አላጠረም። ገርሞኝ የነበረው፣ ምክንያቱን ከነገርሁት ወዲህ የምሳውንም የመመለሻውንም ሰዓት ሳልጠይቀው በሁለቱም ይጽፋል።

መምህሯ፦
ምክንያት መጻፉ ላይ እስማማለሁ። የሁላችሁም መመሪያ ግን እንደዚያ አይደለም። የሥራ ባልደረባዬ ለፈተና ማውጫ የጻፈውን አሳየኝ። አርባ መስመር! አብዛኛው «አት» ነው። አትንዛዛ፣ አታወሳስብ፣ አትድገም፣ አትሳሳት። አትሳሳት ስለተባለ ሳይሳሳት የቀረ ተማሪ እስካሁን አላጋጠመኝም። ደግሞ አራተኛው መስመር «በዝርዝር አብራራ» ይላል፣ መጨረሻ አካባቢ «ከሦስት መስመር አትለፍ»። የቱን ይስማ?

የባሰው ምሳሌው ነው። «አበበ አምስት ብርቱካን ገዛ» የሚል አንድ ጥያቄ ናሙና ብሎ ሰጠው። ሃያ ጥያቄ ወጣ። በሃያውም አበበ ገበያ ወጥቷል! አንዴ ብርቱካን፣ አንዴ ሙዝ፣ አንዴ እርሳስ። ናሙና ከሰጣችሁ የማይመሳሰሉ ሦስት አራት ስጡት፣ ካልሆነም በቃል ግለጹለት።

ተማሪው (ሶፍትዌር ነው የምማረው)፦
ቦታ እንኳ ችግር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ጂፒቲ-3 የሚባለው የኤአይ ሞዴል በአንድ ጊዜ የሚይዘው 2,048 ቶክን (ኤአይ ጽሑፍን የሚቆራርስበት ቁራጭ) ነበር፣ ጥቂት ገጽ ማለት ነው። በ2024 የጉግሉ ጀሚናይ 1.5 አንድ ሚሊዮን ቶክን ደረሰ። ግን መያዝና ልብ ማለት ይለያያሉ። በ2023 የወጣ አንድ ጥናት ሞዴሎቹ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ያለውን መረጃ ደህና አድርገው ሲጠቀሙ፣ መሐል ላይ ያለውን እንደሚስቱት አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ ተሻሽለዋል። እኔ ግን አሁንም ዋናውን ነገር መሐል አልቀብርም።

ለኛ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አንዱ ፊደላችን ኮምፒውተሩ ውስጥ ሦስት ባይት ነው፣ የእንግሊዝኛው አንድ። ጽሑፉ ወደ ቶክን ሲቆራረስ ያው ሐሳብ በአማርኛ ሲጻፍ ብዙ ቶክን ይበላል። በቶክን ለሚከፍል ሰው ሁለት ገጽ አማርኛ ቀላል አይደለም።

«አንድ መስመር ይበቃል» ላለው ወንድማችን ግን አንድ ነገር ልበል። አንትሮፒክ የሚባለው ኩባንያ ክሎድ ለተባለው የራሱ ኤአይ የሚሰጠውን መመሪያ ከነሐሴ 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በይፋ ያወጣል። ገብታችሁ እዩት፣ ገጾች ነው። ሠሪዎቹ ራሳቸው በአንድ መስመር አልተገላገሉም።

ማመልከቻ ጸሐፊው፦
ልጆች፣ እኔ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ስጽፍ ነው ፀጉሬ የሸበተው። አንዱ ባለጉዳይ ይመጣና «ጎረቤቴ ድንበር ገፋብኝ፣ ጻፍልኝ» ብሎ ቁጭ ይላል። ሌላው ከአያቱ ሠርግ ይጀምራል። ከሁለቱም ማመልከቻ አይወጣም። ስለዚህ እጠይቃለሁ። መቼ ነው የገፋው? ምን ያህል? የይዞታ ደብተር አለህ? ማን አየ? ይኸ የናንተ ማሽን አይጠይቅም እንዴ?

ተማሪው፦
ጋሼ፣ ካላዘዙት ብዙ ጊዜ አይጠይቅም። የጎደለውን በግምት ሞልቶ ይጽፋል። ግን «ከመጻፍህ በፊት የጎደለህን ጠይቀኝ» ካሉት ይጠይቃል።

መምህሯ፦
እሺ፣ ያ አንድ መስመር ከአርባው ይሻላል።

አስጎብኚው፦
ጋሼ፣ የርስዎን ምክር ይዤ አሁን ሞከርሁት። ገና ሳይጀምር ሦስት ነገር ጠየቀኝ፣ አንዱ «ከእንግዶቹ መካከል ደረጃና ዳገት የሚከብደው አለ?» የሚል ነው። እውነቱን ለመናገር መመሪያዬ ውስጥ አልነበረም። ዘጌ ላይ ከጀልባ ወርዶ በቡናው ጫካ ውስጥ ሽቅብ መሄድ እንዳለ እያወቅሁ!

መመሪያውንም ቀነስሁት። «አንተ የሃያ ዓመት ልምድ ያለህ አስጎብኚ ነህ» የሚለው ወጣ። «ዓባይ ከጣና ይነሳል» የሚለውም ወጣ፣ ያንን ያውቀዋል። የወደቡን፣ የነፋሱን፣ የሰዓቱን ግን አልነካሁም። አንድ ገጽ ተኩል ሆነ። መምህርት፣ ከዚህ በታች አልወርድም፣ ቢፈልጉ ይጣሉኝ።

መምህሯ፦
አልጣላህም። ግን ስንት «አት» ቀረ?

አስጎብኚው፦
አራት።

ጀልባ ነጂው፦
የነገዎቹን ስንት ሰዓት ልጠብቅ? ወረቀት አትላክልኝ፣ ደውለህ ንገረኝ።