ፓኒፓት 1761፦ ድሉን ያመጣው የግመል መድፍ ነው?

ጠያቂ (ድሬዳዋ፣ ከዚራ)፦
ሰላም የታሪክ ወዳጆች። ቅዳሜ በውይይት ክበባችን በሰሜን ሕንድ የተካሄደውን ሦስተኛውን የፓኒፓት ውጊያ አቀርባለሁ። ማራታዎች (ከምዕራብ ሕንድ የተነሡ ገዢዎች) በፈረንሳይ ስልት የሠለጠነ እግረኛና ከባድ መድፍ ነበራቸው። የአፍጋኑ ንጉሥ አህመድ ሻህ አብዳሊ ግን በግመል በተጫነ መድፍ አሸነፋቸው ይባላል። ግመልን እዚህ ሁላችንም እናውቃለን፤ መድፉ በጀርባዋ ላይ እንዴት ይተኮሳል? ድሉንስ ያመጣው እሱ ነው?

መልስ (ሐረር፣ ጀጎል)፦
ዘምቡራክ ይባላል፤ የመጣው ተርብ ከሚለው የፋርስ ቃል ነው። በኮርቻው ላይ በሚሽከረከር ብረት የተተከለች ትንሽ መድፍ ናት። ብዙውን ጊዜ ግመሏን አንበርክከው ይተኩሳሉ፣ ከዚያ አስነስተው ቦታ ይቀይራሉ። ጥይቷ ትንሽ ስለሆነ ምሽግ አትንድም፤ ተጠጋግቶ ለቆመ ፈረሰኛ ግን ክፉ ናት። የማራታ ከባድ መድፍ አንዴ ከተተከለ ከጦሩ ጋር መራመድ አይችልም፤ የራሳቸው ፈረሰኛ ወደፊት ሲሮጥ ደግሞ የተኩስ መስመሩን ጋረደው።

መልስ (ድሬዳዋ፣ ሳቢያን)፦
አቦ፣ ግመሏን አታግንኗት! ዋናው ነገር ስንቅ ነው። በጥቅምት 1760 የማራታው አዛዥ ሳዳሺቭራኦ ብሃኡ ከዴልሂ ወደ ሰሜን ወጥቶ የኩንጅፑራን ምሽግ ያዘ። አብዳሊ በዚሁ ወር መጨረሻ ባግፓት ላይ የያሙናን ወንዝ ተሻግሮ በእሱና በዴልሂ መካከል ገባ። መንገዱ ተዘጋ። በማራታው ሰፈር ተዋጊ ብቻ አልነበረም፤ ቤተሰብ፣ ነጋዴና ተሳላሚ ሁሉ ይመገብ ነበር። የአብዳሊን ስንቅ ይቆርጥ የነበረው የማራታው ሹም ጎቪንድ ፓንት በታኅሣሥ ተገደለ። ከዚያ ወዲያ ለሰውም ለፈረስም የሚበላ ጠፋ። ጥር 14 ቀን 1761 (ወሮቹ በፈረንጅ ናቸው) ማራታዎች ለውጊያ የወጡት ረሃቡን መቋቋም ስላልቻሉ ነው።

መልስ (ሐረር)፦
እንደዚያም ሆኖ እስከ ቀትር ማራታዎች ያይሉ ነበር። በፈረንሳይ ስልት የሠለጠኑት የማራታ እግረኞች በአዛዣቸው በኢብራሂም ካን ጋርዲ እየተመሩ የአብዳሊን አጋሮች ሮሂላዎችን ክፉኛ ጎዱ፤ የብሃኡ ፈረሰኞች የአብዳሊን መሃል ገፉት። አብዳሊ ግን ደጀን አስቀምጦ ነበርና ከቀትር በኋላ ለቀቀው፤ ዘምቡራኮቹም የሠሩት ያኔ ነው። ብሃኡ የሚተካ ትኩስ ጦር አልነበረውም። የፔሽዋው (የማራታዎች ዋና ሚኒስትርና መሪ) ልጅ ቪሽዋስራኦ በጥይት ሲወድቅ ብሃኡ ከዝሆኑ ወርዶ ፈረስ ላይ ወጣ፤ ባዶውን ዝሆን ያዩት አዛዡ የሞተ መሰላቸውና ሰልፉ ፈረሰ። የማራታው የጦር አለቃ ሆልካርም ጦሩን ይዞ ሸሸ።

ለቅዳሜ ካርታ ይሳል፦ ዴልሂ ከታች፣ ባግፓት በላዩ፣ ፓኒፓት ከዴልሂ ወደ 90 ኪሎ ሜትር በሰሜን፣ ያሙና በምሥራቅ በኩል። አብዳሊን ከፓኒፓት በታች አስቀምጡት።